ፍርስራሽን በዘይት ቀለም መሣል፦ የሮማ ሠዓልያን ትምህርት ከ16ኛው እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን

የጥንት ሕንፃ ፍርስራሽን በዘይት ቀለም መሣል ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮማ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊትም ፍርስራሽ ይሣል ነበር። የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢጣሊያ ሠዓልያን የክርስቶስን ልደት ሲሥሉ ግርግሙን ብዙ ጊዜ የሚያኖሩት ዓምዶቹ በተሰበሩ፣ ጣሪያው በወደቀ የሮማውያን ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ የፈረሰው ሕንፃ የጣዖት አምልኮው ዘመን ማለፉን ያመለክታል። በእንዲህ ዓይነቱ ሥዕል ፍርስራሹ አጃቢ ነው። የትኛው ሕንፃ እንደሆነ፣ ከምን ድንጋይ እንደታነጸ፣ ስንጥቁ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ሠዓሊው አይጨነቅም ነበር። እነዚህን ነገሮች የሥዕሉ ዋና ጉዳይ ያደረጉት በኋላ የመጡት ናቸው፤ ለዚያም ረጅም ትምህርት አስፈልጓቸዋል።

ሮማ ለዚህ ትምህርት የተመቸችው በደረሰባት ጉዳት ምክንያት ነው። በንጉሠ ነገሥታቱ ዘመን ሕዝቧ እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርስ እንደነበር የሚገመተው ይህች ከተማ በመካከለኛው ዘመን ጥቂት አሥር ሺህ ሰዎች ብቻ የሚኖሩባት ሆነች። የመንግሥቱ አደባባይ የነበረው ፎረም በደለልና በፍርስራሽ ተሞልቶ የከብት መሰማሪያ ሆነ፤ ሰዉም የላሞች ሜዳ ይለው ጀመር። የቤተ መቅደሶቹ ዓምዶች ግማሽ አካላቸው ከአፈር በታች ተቀብሮ ቆሙ። በ80 ዓ.ም. የተመረቀው ኮሎሲየም ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ደቡባዊ ጎኑን ከጣለው በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ድንጋዩ እየተጋዘ ለአዳዲስ ቤተ መንግሥቶችና አብያተ ክርስቲያናት ግንባታ ዋለ።

በ1519 ገደማ ሠዓሊው ራፋኤል ከጸሐፊው ባልዳሳሬ ካስቲልዮኔ ጋር ሆኖ ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 10ኛ ባዘጋጀው ደብዳቤ ይህን ጥፋት አጥብቆ አውግዟል። ደብዳቤው በወቀሳ ብቻ አላበቃም። እያንዳንዱ ጥንታዊ ሕንፃ ተለክቶ በሦስት ንድፍ እንዲነሣ ሐሳብ አቀረበ፦ የመሬት ንድፉ ለብቻ፣ የውጭ ግድግዳው ለብቻ፣ የውስጥ ግድግዳው ለብቻ። ራፋኤል በ1520 ስለሞተ ሥራው በእጁ አልተፈጸመም። ሐሳቡ ግን ፍርስራሽ የሚሥል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ለይቶ አስቀምጧል፤ የፈረሰውን ለመሣል ያልፈረሰውን ማወቅ ያስፈልጋል። የሚቀጥሉት ሦስት መቶ ዓመታት ትምህርት በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ከሰሜን አውሮፓ ወደ ሮማ ከመጡት ቀደምት ተማሪዎች መካከል ብዙ ማስረጃ የተወልን ሆላንዳዊው ማርተን ፋን ሄምስኬርክ ነው። በ1532 ሮማ ደርሶ በቆየባቸው ዓመታት ኮሎሲየሙን፣ ፎረሙንና በየግቢው የተከማቹትን የተሰበሩ ሐውልቶች በብዕርና በቀለም ውኃ ነደፈ፤ ከእነዚህ ንድፎች ብዙዎቹ ዛሬ በርሊን ይገኛሉ። ወደ አገሩ ከተመለሰ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1553፣ ራሱን ከኮሎሲየም ፊት አድርጎ በዘይት ቀለም ሣለ። በኬምብሪጅ የሚገኘው ይህ ሥዕል ከበስተጀርባው አንድ ሌላ ሰው ተቀምጦ ሕንፃውን ሲነድፍ ያሳያል። የዘመኑ የአሠራር ሥርዓት ይኸው ነበር፦ በቦታው ላይ በወረቀት ይነደፋል፤ የዘይት ቀለሙ ሥራ ከዚያ በኋላ፣ አንዳንዴም ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በሥዕል ቤት ውስጥ ይከናወናል። ዘይት ቀለም ይዞ ወደ ፍርስራሹ መሄድ ገና አልተለመደም።

ተማሪው ቀለም ከመንካቱ በፊት የሚገጥመው የመጀመሪያው ትምህርት የርቀት አሣሣል ሕግ፣ ማለትም ፐርስፔክቲቭ ነበር። ሕጉን በፍሎረንስ የሕንፃ ሊቁ ብሩኔሌስኪ በሙከራ አሳይቶት፣ ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ በ1435 በጽሑፍ አብራርቶታል። ከተመልካቹ እየራቁ የሚሄዱ ትይዩ መስመሮች በዓይን አድማስ ላይ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ደህና ሆኖ የቆመ ሕንፃ ይህን ነጥብ ራሱ ይጠቁማል፤ የጣሪያው ጠርዝ፣ የመስኮቶቹ ረድፍ፣ የደረጃው መስመር ሁሉ ወደዚያው ይመራሉ። ፍርስራሽ ግን መስመሮቹ ተቆርጠዋል፤ ግድግዳው አዝምሟል፤ መሬቱ አባጣ ጎርባጣ ነው። ሠዓሊው የጎደለውን መስመር በሐሳቡ ካልቀጠለ የቀሩት ቁርጥራጮች እርስ በርስ አይገጥሙለትም፤ ሥዕሉም የተበተነ የድንጋይ ክምር ይመስላል።

ኮሎሲየም የዚህ ትምህርት ከባዱ ፈተና ነበር። መሬቱ ላይ ያለው ቅርጹ እንቁላል መሰል ክብ ነው፤ ርዝመቱ 188፣ ስፋቱ 156 ሜትር ገደማ። ምድር ቤቱ ላይ 80 ቅስቶች ነበሩት፤ በላዩ ሌሎች ሁለት የቅስት ረድፎችና አንድ ድፍን ፎቅ ተጭነዋል፤ ከፍታው ወደ 48 ሜትር ይደርሳል። ቅስቶቹ ከክቡ ጋር ስለሚዞሩ ሁለቱ እንኳ አንድ ዓይነት ስፋት ኖሯቸው አይታዩም። ከተመልካቹ ትይዩ ያለው ሰፊ፣ ወደ ጎን የሚዞረው ጠባብ፣ ጠርዝ ላይ የሚገኘው ደግሞ ውፍረቱ እንጂ ክፍተቱ የማይታይ ነው። ይህን አስተካክሎ ለመሣል የሚበጀው መንገድ የክቡን ሙሉ ቅርጽ በቀጭን መስመር ነድፎ፣ ቅስቶቹን ከፋፍሎ፣ የጠፋውን ክፍል መጨረሻ ላይ መተው ነው። የፈረሰውን ጫፍ ብቻ እያየ የጀመረ ሰው የክቡን መታጠፊያ ይስታል።

ሁለተኛው ትምህርት ልክ ነበር። ጃኮሞ ባሮዚ ዳ ቪኞላ በ1562 ባሳተመው መጽሐፍ አምስቱን የዓምድ ሥርዓቶች በቁጥር ወሰነ፤ ለምሳሌ የቶስካን ዓምድ ከፍታ የግርጌው ወርድ 7 እጥፍ፣ የዶሪክ 8፣ የአዮኒክ 9፣ የኮሪንቶስ 10 እንዲሆን። ይህን በቃሉ የያዘ ተማሪ ከአፈር በላይ የቀረ አንድ ቁራጭ አይቶ ዓምዱ ምን ያህል እንደተቀበረ፣ በላዩ የነበረው ድንጋይ የት ላይ ያርፍ እንደነበር ማስላት ይችላል። የጥንቶቹ ሕንፃዎች ሁልጊዜ ለቪኞላ ቁጥር አይታዘዙም ነበር። ፈረንሳዊው አንቷን ዴጎዴ በ1682 የሮማን ሕንፃዎች በዝርዝር ለክቶ ያሳተመው መጽሐፍ ይህን ልዩነት በግልጽ ስላሳየ ለሠዓልያንም ለአናጺዎችም መመሪያ ሆነ።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን እውቀት ወደ ዘይት ቀለም ሙሉ በሙሉ ካሸጋገሩት አንዱ በቤርጋሞ አካባቢ የተወለደው ቪቪያኖ ኮዳዚ ነው። መጀመሪያ በኔፕልስ፣ በዚያች ከተማ ከተነሣው የ1647 ዓመፅ በኋላ ደግሞ በሮማ ሠርቷል። ኮዳዚ ሕንፃውን ይሥላል፤ ሰዎቹን ሌላ ሠዓሊ ይጨምርለታል፦ በኔፕልስ ዶሜኒኮ ጋርጁሎ፣ በሮማ ሚኬላንጄሎ ቼርኮዚ። አንድ ሰው በሕንፃ ብቻ መተዳደር መቻሉ ፍርስራሽ መሣል የራሱ ገበያና የራሱ ተማሪ ያለው ሙያ እንደሆነ ያረጋግጣል። በዚያው ዘመን በሮማ ይኖር የነበረው ሠዓሊ ክሎድ ሎሬን ፍርስራሹን በሌላ መንገድ ተጠቀመበት፤ ዓምዶቹን ከሥዕሉ ዳር አቁሞ የፀሐይ መውጫና መግቢያን ብርሃን ከኋላቸው አፈሰሰ። ከእሱ በኋላ የመጡት ስለ አየርና ስለ ርቀት ቀለም የሚያውቁትን አብዛኛውን የተማሩት ከእሱ ነው።

ሕንፃውን ከኮዳዚ፣ አየሩን ከክሎድ ወርሶ ሁለቱን በአንድ ሸራ ያዋሐደው ጆቫኒ ፓኦሎ ፓኒኒ ነው። በ1691 በፒያቼንሳ ተወለደ። በዚያ አካባቢ የቢቢዬና ቤተሰብ የቲያትር መድረክ አሣሣል ትልቅ ስም ነበረው፤ ፌርዲናንዶ ቢቢዬና በ1711 ባሳተመው መጽሐፍ ሕንፃን ፊት ለፊት ሳይሆን ከማዕዘኑ እያዩ መሣልን አስተምሯል። ፓኒኒ በዚህ ትምህርት ታንጾ በዚያው ዓመት ሮማ ገባ። የሮማ ሠዓልያን ማኅበር የሆነው የቅዱስ ሉቃስ አካዳሚ አባል ሆነ፤ ኋላም መርቶታል፤ በሮማ ለነበረው የፈረንሳይ አካዳሚ ተማሪዎችም ፐርስፔክቲቭ አስተማረ።

ፓኒኒ ለአውሮፓ መንገደኞች ማስታወሻ የሚሸጥ ሠዓሊ ነበር ተብሎ አንዳንዴ ይናቃል። ደንበኞቹ በእርግጥ ብዙዎቹ መንገደኞች ነበሩ፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ሥራዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ቦታውን እንዳለ የሚያሳይ ነው። ሌላው ኢጣሊያኖች ካፕሪቾ የሚሉት ሲሆን በተለያየ ቦታ ያሉ ፍርስራሾችን በአንድ ሜዳ ላይ ይሰበስባል፦ ኮሎሲየም፣ የቆስጠንጢኖስ ቅስት፣ የትራያኑስ ዓምድ፣ የወደቀ ሐውልት። የቅርጽ እውቀቱ የሚፈተነው በዚህኛው ላይ ነው። ሁሉም ሕንፃ በአንድ አድማስ፣ በአንድ የፀሐይ አቅጣጫ፣ በአንድ የርቀት መጠን መገዛት አለበት፤ አንዱ ካፈነገጠ ሜዳው ሁሉ ይፈርሳል። በ1757 በሮማ የፈረንሳይ አምባሳደር ለነበረው፣ ኋላ ዱክ ደ ሹዋዘል ለተባለው ሰው በሣላቸው ሁለት ትልልቅ ሸራዎች ይህን እስከ ዳር አደረሰው። አንዱ የጥንቷን፣ ሌላው የአዲሷን ሮማ ዕይታዎች በሥዕል መልክ በአዳራሽ ግድግዳ ላይ ደርድሮ ያሳያል፤ በሥዕል ውስጥ በርካታ ሥዕሎች፣ እያንዳንዱ የራሱ ፐርስፔክቲቭ ያለው።

የቀለሙ ሥራም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሸራው ተወጥሮ ከእንስሳ ቆዳ በተሠራ ሙጫ ይታሻል፤ ክሩ ዘይት እንዳይመጥና እንዳይበሰብስ ነው። ከዚያ መደብ ይቀባል። በኢጣሊያ ለረጅም ጊዜ የተለመደው መደብ ቀይ ወይም ቡናማ ሲሆን ለፍርስራሽ ሠዓሊ ይህ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ የቅስቱ ውስጥ ጥላ፣ የጡብ ስንጥቅ፣ የድንጋዩ ከርሥ ሳሳ ባለ ቡናማ ብቻ ሲነካ መደቡ ከሥር እየታየ ሥራውን ያግዛል። ንድፉ በማስመሪያና በኮምፓስ ወደ ሸራው ይዛወራል። ቀጥሎ ሰማዩ ይቀባል፤ የግድግዳው ጫፍ በሰማዩ ላይ ስለሚቆረጥ መጀመሪያ ሰማዩ መኖር አለበት። ከዚያ ሩቁ ሕንፃ፣ በመጨረሻ ቅርቡ።

የድንጋዩ ቀለም የተገኘው በአብዛኛው ከአፈር ነው፦ ቢጫ አፈር፣ ቀይ አፈር፣ ቡናማ አፈር፣ አረንጓዴ አፈር። ነጩ ከእርሳስ ማዕድን የሚዘጋጅ ነበር። ሁሉም በተልባ ወይም በዋልነት ዘይት ይፈጫሉ። ኮሎሲየምና የፎረሙ ሕንፃዎች አንድ ዓይነት ድንጋይ አይደሉም፤ ትራቨርቲን የሚባለው ድንጋይ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ሲሆን ፊቱ በጥቃቅን ጉድጓዶች የተበሳሳ ነው፤ ጡቡ ቀላ ይላል፤ እብነ በረዱ ደግሞ በዘመን ብዛት ጠቁሮ ግራጫ ይሆናል። ፀሐይ የሚያርፍበት የትራቨርቲን ጫፍ በነጭና በቢጫ አፈር ወፈር ተደርጎ ይለጠፋል፤ ብሩሹ የተወው ሻካራነት ራሱ የድንጋዩን ሻካራነት ይተካል። ጥላው ግን ሁልጊዜ ስስ ነው። ጥላን በወፍራም ጥቁር የሞላ ጀማሪ ቅስቱን ከፍቶ ማሳየት ሲገባው ይዘጋዋል። ከታች ያለው ድርብ ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ያለው ዘይቱ የበዛ መሆን ነበረበት፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ የላዩ ቶሎ ደርቆ ከሥሩ ካለው እርጥብ ቀለም ጋር ሳይስማማ ይሰነጠቃል። ለሰማዩ ከአፍጋኒስታን የሚመጣው ሰማያዊ ድንጋይ ዋጋው የማይቀመስ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ የተገኘው የፕሩሺያ ሰማያዊ በገበያ ከተሰራጨ በኋላ ግን ሰፊ ሰማይ መሣል ለብዙ ሠዓሊ የሚቻል ሆነ።

በ1666 በሉዊ 14ኛ ዘመን የተቋቋመው የፈረንሳይ አካዳሚ በሮማ የዚህ ትምህርት ዋና ማዕከል ነበር። በ1751 ዳይሬክተር የሆነው ሻርል ናትዋር ተማሪዎቹ ከግቢው ወጥተው በከተማዋና በዙሪያዋ እንዲነድፉ ገፋፋ። በ1754 ወደ ሮማ የመጣው ሁበር ሮበር በዚህ በኩል ከሁሉም ተጠቃሚ ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ከፓኒኒ የቅርጽ አደራደርን፣ ከጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔዚ የመዳብ ሕትመቶች ደግሞ የጥላን ኃይልና ሕንፃን ከሥር ወደ ላይ እያዩ የማግነን ብልሃትን ወሰደ። በቀይ ጠመኔ በብዛት ነደፈ። ጠመኔው በቀላሉ ስለሚፋቅ በንድፉ ላይ እርጥብ ወረቀት ተጭኖ ይታተማል፤ ግራና ቀኙ የተገላበጠ ሁለተኛ ቅጂ ይገኛል። ይህ የንድፍ ክምችት በ1765 ወደ ፓሪስ ከተመለሰ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሥዕሎቹን መገበው።

በ1767 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ሥራዎቹን ያየው ፈላስፋውና የሥዕል ሐያሲው ዴኒ ዲድሮ በአድናቆት ብዙ ገጽ ጻፈለት፤ ዳሩ ግን በፍርስራሾቹ መካከል ያሉት ሰዎች በጣም እንደበዙ፣ አብዛኞቹም መፋቅ እንዳለባቸው ሳይነግረው አላለፈም። ምክሩ ዛሬም ለተማሪ ይሠራል። ሮበር የትምህርቱን ጥግ ያሳየው ግን በ1796 ነው። የሉቭርን ታላቅ አዳራሽ ለሙዚየም ለማዘጋጀት ሲሠራ የቆየ ሰው በመሆኑ ሕንፃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያውቀው ነበር። በአንድ ሸራ ላይ አዳራሹ በጣሪያው በኩል ብርሃን ገብቶለት ታድሶ፣ በሌላው ላይ ደግሞ ጣሪያው ወድቆ፣ አንድ ወጣት ከፍርስራሹ መካከል ተቀምጦ የአፖሎን ሐውልት ሲነድፍ ሣለ። ያልፈረሰን ሕንፃ አሳማኝ አድርጎ ማፍረስ የሚችለው አቋቋሙን ያወቀ ብቻ ነው።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ዘይት ቀለሙ ራሱ ከሥዕል ቤት ወጣ። ፈረንሳዊው ፒየር ሄንሪ ደ ቫሎንሲየን በኢጣሊያ ቆይታው ትንንሽ ወረቀቶች ላይ በቀጥታ በዘይት ቀለም ይሥል ነበር። በ1800 ባሳተመው የፐርስፔክቲቭ መጽሐፍ ውስጥ ብርሃኑ ስለሚለዋወጥ አንድ ጥናት ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይወስድ፣ የፀሐይ መውጫና መግቢያ ከሆነ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት እንዳያልፍ መከረ። በሉቭር ከሚገኙት ጥናቶቹ መካከል ያው አንድ ጣሪያ በፀሐይና በጥላ የተሣለባቸው ሁለቱ ትምህርቱን ከመጽሐፉ ይበልጥ ያስረዳሉ። በ1782 ገደማ የዌልሱ ተወላጅ ቶማስ ጆንስ በኔፕልስ ከመኖሪያው የሚያየውን አንድ የተላላጠ ግድግዳ 11 በ16 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ወረቀት ላይ ሣለ። ዓምድ የለውም፤ ታሪክ የለውም፤ የወለቀ ልስን፣ የግንበኛ መረማመጃ እንጨት የሚገባባቸው ቀዳዳዎችና የውኃ ነጠብጣብ ብቻ። በዚያ ወረቀት ላይ የግድግዳ ፊት ለሥዕል በቂ ጉዳይ ሆኗል።

የቀለም ማኅደር ገና የአሳማ ፊኛ በሆነበት በዚያ ዘመን (የቆርቆሮው ቱቦ የመጣው በ1841 ነው) ይህን ሁሉ ተሸክሞ ፍርስራሽ ላይ መውጣት ቀላል አልነበረም። ሆኖም ወጡ። ዴንማርካዊው ክሪስቶፈር ቪልሄልም ኤከርስበርግ ከ1813 እስከ 1816 በሮማ ኖረ። ከኮሎሲየም ሦስተኛ ፎቅ ቆሞ በሦስት ቅስቶች በኩል ከተማዋን የሚያሳየው የ1815 ሥዕሉ ፍጹም እውነተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስቱ ዕይታዎች ከአንድ መቆሚያ አይታዩም። ሠዓሊው ቦታ እየቀየረ ያያቸውን በፐርስፔክቲቭ ሕግ አጋጥሟቸዋል። ኮፐንሃገን ሲመለስ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ እያወጣ አስተማረ፤ ስለ ፐርስፔክቲቭም መጽሐፍ ጻፈ።

ፈረንሳይ ለታሪካዊ መልክአ ምድር ሥዕል በየአራት ዓመቱ የሚሰጥ የሮማ ሽልማት መሠረተች፤ በ1817 የመጀመሪያው ተሸላሚ አሺል ኤትና ሚሻሎን ነበር። የእሱ ተማሪ ካሚይ ኮሮ ሽልማቱን ሳያገኝ በቤተሰቡ ወጪ በ1825 መጨረሻ ሮማ ደረሰ። በመጋቢት 1826 በፋርኔዜ የአትክልት ስፍራ ሆኖ ሦስት ሥዕሎችን ጎን ለጎን ሠራ፤ ጠዋት አንዱን፣ እኩለ ቀን ላይ ኮሎሲየምን፣ ማታ ፎረሙን። ብርሃኑ ሲሄድ ሥዕሉን ያስቀምጣል፤ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ያነሣዋል። ቫሎንሲየን ለአንድ ጥናት የፈቀደውን ሁለት ሰዓት ኮሮ በየቀኑ እየመለሰ አበዛው። የኮሎሲየሙ ግድግዳ በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ጥቂት ጠፍጣፋ የቀለም ሜዳዎች ናቸው፤ እንደ ፓኒኒ እያንዳንዱ ድንጋይ አልተቆጠረም። ይሁን እንጂ ክቡ ትክክል ነው፤ ቅስቶቹም በየደረጃቸው ይጠባሉ። አሮጌው ትምህርት ከቀለሙ ሥር አለ።

በዚያው ጊዜ የሚሣለው ነገር ራሱ ይለወጥ ነበር። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ቁፋሮ የፎረሙን ዓምዶች ከአፈር አወጣ። የኮሎሲየምን የተሰነጠቁ ጫፎች ለመደገፍ በሁለቱም ወገን አዲስ ግንብ ተሠራ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ዲኪን በ1855 ባሳተመው መጽሐፍ በኮሎሲየም ፍርስራሽ ላይ የሚበቅሉ 420 የዕፅዋት ዓይነቶችን መዝግቧል፤ ሮማ የኢጣሊያ ዋና ከተማ በሆነችበት ጊዜ፣ በ1870ና በ1871፣ ሥሮቻቸው ድንጋዩን ይፈለፍላሉ ተብሎ ተነቀሉ። የመልክአ ምድሩ የሮማ ሽልማት ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1863 ተቋርጧል። ከቁፋሮውና ከጽዳቱ በፊት የነበረውን የፎረምና የኮሎሲየም ቀለም፣ ማለትም የአፈሩን ከፍታ፣ የቁጥቋጦውን ብዛት፣ የድንጋዩን ጥቁረት ማወቅ የሚፈልጉ የቅርስ ባለሙያዎች ዛሬም የእነዚህን ሠዓልያን ሸራዎችና ወረቀቶች ይመረምራሉ።